በሬውን ገዝተን ገመዱን ለሻጩ ተውነው

አጎቴ ከአዋበል ደብረ ማርቆስ የመጣው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ገና ቁጭ ሳይል ስልኩን ከጋቢው ሥር አወጣና እጄ ላይ አኖረው። «ሞቷል ይሉኛል፤ እኔ ግን ነፍስ ያለው ይመስለኛል። እስቲ አንተ እየው» አለኝ።

አየሁት። ስክሪኑ ላይ አንድ ጭረት የለም። ባትሪው ጠዋት ከሞላ እስከ ማታ ይዘልቃል። ይደውላል፣ ይጠራል፣ ፎቶ ያነሳል። በ2011 ዓ.ም. ጤፍ ተሸጦ የተገዛ ስልክ ነው፤ የሁለት ኩንታል ዋጋ ወጥቶበታል። አጎቴ ደግሞ ዕቃ ያዥ ሰው ነው። ስልኩን በንጹህ ጨርቅ ይጠቀልለዋል እንጂ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይከተውም።

የሞተው አንድ ነገር ነው። የባንኩ መተግበሪያ አልከፍት ብሏል። ሲነካው ስልኩ እንደማይደገፍ የሚገልጽ ጽሑፍ ብቅ ይላል። አድስ ይለዋል፤ ማደሻ ግን የለም። ስልኩ አንድሮይድ 7 ላይ ቆሟል፣ አምራቹም ከዚያ በላይ ልኮለት አያውቅም። የእህል ነጋዴው ገንዘቡን የሚያስገባለት በባንክ ነው። እና አሁን ገባ አልገባ ለማየት እስከ ቅርንጫፉ ድረስ መሄድ ሊኖርበት ነው።

መናኸሪያው አካባቢ ወዳለ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ልጁ መጀመሪያ ቀኑንና ሰዓቱን አየ። ቀኑ የተሳሳተ ስልክ ብዙ ነገር አልከፍት ስለሚል ነው። ትክክል ነበር። ከዚያ ቅንብሩን ገባ ብሎ አየና «ዕቃው ንጹህ ነው። ፍላሽ ባደርገውም ያው አንድሮይድ 7ን ነው መልሼ የምጭንለት። ሌላ ፋይል የለውም» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አዲስ ቢገዙ ነው የሚሻለው» አለኝ።

እዚች ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እኛ ጋ ሞፈር ቢሰነጠቅ ይታሰራል። ማረሻ ቢዶለዱም አንጥረኛ ቤት ይሄዳል። ማንም መጥቶ «ማረሻውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጊዜው አልፏል፣ ከእንግዲህ እንዳታርስበት» አይልም። ስልክ ላይ ግን ይህ በየቀኑ ይሆናል፤ እኛም ለምደነዋል። በሬ ገዝቶ ገመዱን ሻጩ እጅ ላይ መተው ማለት ነው። በሬው ግርግማችን ላይ ይቆማል፣ ድርቆሹን እኛ እናበላዋለን፣ መቼ እንደሚያርስ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው።

ማደሻው ለምን ይቆማል? አንድ የአንድሮይድ ስልክ ላይ ቢያንስ የሦስት ወገን እጅ አለ። ጉግል አንድሮይድን ይሠራል። የቺፑ ኩባንያ ቺፑን ከአንድሮይድ ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር ይጽፋል። የስልኩ አምራች ሁለቱን ያገጣጥምና የራሱን መልክ ያለብሰዋል። አዲስ አንድሮይድ ሲወጣ ሦስቱም እንደገና እጃቸውን ማስገባት አለባቸው። የቺፑ ኩባንያ ለዚህ ቺፕ ከእንግዲህ አልጽፍም ካለ ነገሩ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል። የሱ ሶፍትዌር ዝግ ስለሆነ ሌላ ሰው ገብቶ ሊጨርስለት አይችልም። በርካሽ ስልክ ላይ ደግሞ ትርፉ ቀጭን ነው። አምራቹ ገንዘብ የሚያገኘው አዲስ ሲሸጥ እንጂ የአምናውን ሲያድስ አይደለም።

ውድ ስልክ የሚገዛ ሰው ይህ ችግር እየቀለለት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ባወጣው ጋላክሲ ኤስ24 ላይ የሰባት ዓመት ማደሻ ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 2025 ጀምሮ ለሚሸጡ ስልኮች ሕግ አውጥቷል። አንድ ሞዴል ገበያ ላይ መቅረብ ካቆመበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ አምስት ዓመት ማደሻ ማግኘት አለበት፤ መለዋወጫውም ሰባት ዓመት መገኘት አለበት። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ደብረ ማርቆስና ቡሬ ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት ብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች አውሮፓ አይሸጡም። ሕጉ እኛን አያውቀንም።

ዝቅተኛው ስልክ ደግሞ ከላይም ከታችም ነው የሚጨመቀው። ለአነስተኛ ስልኮች ተብሎ የሚዘጋጀው አንድሮይድ ጎ እንኳ ከ13ኛው ዕትም ጀምሮ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 16 ጊጋባይት ማከማቻ ይጠይቃል። አንድ ጊጋባይት ራም የያዙት ቀሩ። 16 ጊጋባይት ያለው ስልክም ግማሽ ያህሉን ሲስተሙ ይዞት ነው የሚመጣው። ቴሌግራም ትንሽ ቪዲዮ ካጠራቀመ «ስቶሬጅ ሞልቷል» ማለት ይጀምራል። ሰው ስልኬ ሃንግ አደረገ ሲል ብዙ ጊዜ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም። የተጫነበት ሸክም ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ነው።

ለባንኩም ፍትሐዊ መሆን አለብኝ። ያልታደሰ ስልክ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ከታወቀ ሌባ ሊገባበት ይችላል። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ተቋም ከዚህ ዕትም በታች አልቀበልም ማለቱ ከስንፍና አይደለም። ጥያቄዬ ቀዳዳውን የሚደፍን ሰው ለምን ጠፋ የሚል ነው። ስልኩ አለ፣ ሊሠራ የሚችል ሰው ዓለም ላይ አለ፣ መሃል ላይ ያለው ቁልፍ ነው።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ አሜሪካ ኤምአይቲ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን ከአንድ ፕሪንተር ጋር ተጣላ። ፕሪንተሩ ወረቀት ይይዝ ነበር። ስቶልማን ለቀድሞው ማሽን እንዳደረገው፣ ወረቀት ሲይዝ ሰዎችን የሚያስጠነቅቅ ነገር ሊጽፍለት ፈለገ። ኮዱን፣ ማለትም የፕሪንተሩ ሶፍትዌር የተጻፈበትን ጽሑፍ፣ ሲጠይቅ ግን ተከለከለ። ዕቃው ፊቱ ቆሟል፣ እውቀቱ አለው፣ መንካት ግን አይችልም። በ1983 ማንም ሰው አይቶ፣ ቀይሮ፣ ለሌላ ሰው ሊሰጠው የሚችል ሶፍትዌር ለመሥራት ተነሳ። በ1991 ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ስቶልማን ባዘጋጀው የነፃነት ፈቃድ አወጣው። ዛሬ የአንድሮይድ ሆድ ሊኑክስ ነው። የአጎቴ ስልክም ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ታዲያ አንድሮይድ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት፣ ከሆነ ስልካችን ለምን ዝግ ሆነ? ሰው ብዙ ጊዜ የሚምታታበት እዚህ ነው። የአንድሮይድ መሠረቱ ክፍት ነው። ከላዩ ያለው የጉግል አገልግሎት፣ ፕሌይ ስቶርን ጨምሮ፣ ዝግ ነው። ከታቹ ያለው የቺፑ ሶፍትዌርም ዝግ ነው። የሊኑክስ ፈቃድ ስልኩን የሸጠ ኩባንያ የተጠቀመበትን የሊኑክስ ኮድ ለሚጠይቀው ሰው እንዲሰጥ ያስገድዳል። ርካሽ ስልክ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ግን ወይ አይሰጡም፣ ወይ ዘግይተው ይሰጣሉ። ቴሌግራምን ተመልከቱ። ስልካችን ላይ ያለው መተግበሪያ ኮዱ ክፍት ነው፤ መልእክታችን የሚያልፍበት ሰርቨር ግን ዝግ ነው። ክፍት ሲባል የቱ ድረስ ክፍት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አምራቹ የተወውን ስልክ አንስተው የሚያድሱ ሰዎች አሉ። ከሁሉም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ላይ ከቀድሞው ሳያኖጅንሞድ የተነሳው፣ ከአንድሮይድ የተሠራው ሊኒየጅኦኤስ የተባለ ሲስተም ነው። በፈቃደኞች የሚሠራ ነው። ለብዙ አሮጌ ስልኮች አምራቹ ካቆመ ከዓመታት በኋላ አዲስ አንድሮይድ ሰጥቷል። የኔዘርላንዱ ፌርፎንም እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን ፌርፎን 2ን እስከ 2023 ድረስ አድሶታል። ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ግን ይቻላል የሚለውን አሳይቷል።

የአጎቴን ስልክ ሊኒየጅኦኤስ በሚያድሳቸው ስልኮች ዝርዝር ላይ ፈለግኩት። የለም። እኛ ጋ ብዙ የሚገዙት ርካሽ ሞዴሎች እዚያ ዝርዝር ላይ የሚገኙት በጣም በጥቂቱ ነው፤ የቺፑ ኮድ ካልተገኘ ፈቃደኛውም እጁ አጭር ነው። ቢኖርም ሌላ ግድግዳ ይጠብቃል። ሌላ ሲስተም እንዳይጫን አምራቹ ያደረገውን ቁልፍ የፈታ ሰው ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች አይቀበሉትም። የአምራቹ ማኅተም ስለተነሳ ብቻ ስልኩን ይጠረጥሩታል። አሮጌውን ሲስተም ብትይዝ አሮጌ ነው ይሉሃል፣ አዲሱን ራስህ ብትጭን አናምንህም ይሉሃል።

አሁን ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነገር መጥቷል። ጎጃም ውስጥ መተግበሪያ እንዴት እንደሚገኝ እናውቃለን። ብዙ ሰው ፕሌይ ስቶር ገብቶ አያውቅም። ፓኬጅ ውድ ነው፣ ኔትወርኩም ቀርፋፋ ነው። ጓደኛ በዜንደር ይልክለታል። ወይ ሚሞሪውን ይዞ ሱቅ ይሄድና ሙዚቃ፣ ፊልም፣ መጽሐፈ ቅዱስ፣ መዝገበ ቃላት በአንድ ላይ ይጫንለታል። የመተግበሪያ መጫኛው ፋይል፣ ኤፒኬ የሚባለው፣ ከእጅ ወደ እጅ እንደ ዘር ይተላለፋል። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ደግሞ ይህ ብቸኛው መንገድ ነበር። ያን ጊዜ ስልክ ላይ ቀድሞ ያለ ነገር ብቻ ነው የሠራው። ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ የማይከፈት መተግበሪያ ሁሉ ባዶ ምስል ሆኖ ቀረ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 ጉግል አንድ ዕቅድ አስታወቀ። መተግበሪያ የሚሠራ ሰው፣ ፕሌይ ስቶር ላይ ባያወጣው እንኳ፣ ማንነቱን ለጉግል አስመዝግቦ መረጋገጥ አለበት። ካልተረጋገጠ መተግበሪያው የጉግል ፈቃድ ባላቸው አንድሮይዶች ላይ በቀላሉ አይጫንም። በዕቅዱ መሠረት ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዢያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ ይጀመራል፤ ከ2027 ወዲህ ለሌላው ዓለም ይዳረሳል። ከ2010 ጀምሮ ነፃና ክፍት መተግበሪያዎችን የሚያሰራጨው ኤፍድሮይድ አጥብቆ ተቃወመው። ተቃውሞው ሲበዛ ጉግል ለተማሪዎችና በትርፍ ጊዜያቸው መተግበሪያ ለሚሠሩ ሰዎች ቀለል ያለ ምዝገባ፣ ልምድ ላላቸው ተጠቃሚዎችም አደጋውን አውቀው የሚጭኑበት መንገድ እንደሚያዘጋጅ ተናግሯል።

ምክንያቱ አጭበርባሪን መከላከል ነው። አጭበርባሪ ደግሞ አለ። የባንክ ስም ለጥፎ በቴሌግራም የሚላክ የውሸት መተግበሪያ ስንቱን እንዳስለቀሰ አይጠፋኝም። ለአጎቴ ዓይነት ሰው ጥበቃ ያስፈልጋል። ግን በሩን ማን ይጠብቅ? ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ለሰፈሩ ዕድር የመዋጮ መቆጣጠሪያ ቢሠራ፣ ለጎረቤቶቹ በዜንደር ለመስጠት ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ እንዲያውቀው የግድ መሆን የለበትም። ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት የአንድ ጊዜ ክፍያው 25 ዶላር ነው። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ እኛ አገር ፈተና ነው። የተባለው ቀላል መንገድ በእርግጥ ቀላል ሆኖ እንዲመጣ ከአሁኑ መጮህ ያለብን ለዚህ ነው። እዚያ የሚነጋገሩት ሰዎች ሚሞሪ ይዞ ሱቅ የሚሄድ ሰው እንዳለ ላያስቡ ይችላሉ።

ክፍት ነገር ምን እንደሚያመጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ይህን የምታነቡበት ፊደል አለ። ድሮ የግዕዝ መተየቢያ ሶፍትዌሮች የየራሳቸው ኮድ ነበራቸው። አንዱ ቢሮ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሦስተኛው ዕትሙ የኢትዮጵያን ፊደል አስገባ። የማንም የግል ንብረት ያልሆነ የጋራ ቁጥር ለእያንዳንዱ ፊደል ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ማንም ወስዶ ሊጠቀምባቸው የሚችሉ እንደ አቢሲኒካና ኖቶ ያሉ ፎንቶች መጡ። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች ላይ አማርኛ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይታይ እንደነበር የሚያስታውስ አለ። ዛሬ ርካሹ ስልክ ላይ እንኳ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ይነበባል።

ዘመን አቆጣጠራችን ግን ገና መንገድ ላይ ነው። አጎቴ «ዛሬ ስንት ነው?» ሲል ኦክቶበር 31 ማለት ምንም አይነግረውም። ለእሱ አብዛኛውን ዓመት ያ ቀን ጥቅምት 21 ነው፤ ማርያም ናት። ስልኩ 7፡00 ሲል እሱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው ይላል። የሚገርመው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የሚያሰላው ኮድ ክፍት ሆኖ ከተጻፈ ቆይቷል። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ መተግበሪያ ሠሪዎች እንዲጠቀሙበት ሲስተሙ ውስጥ አለ። የአጎቴ ስልክም በሆዱ ይዞታል። ስክሪኑ ላይ እንዲወጣለት ግን የስልኩ ቅንብር ምርጫ አይሰጠውም፤ ሌላ መተግበሪያ መጫን አለበት። አብዛኛው ኅብረተሰብ በባሕረ ሐሳብ በሚኖርበት አገር ስልክ የሚሸጥ ሁሉ ይህን አንድ ምርጫ መጨመር አያቅተውም ነበር።

ሬዲዮም አለ። በብዙ ስልክ ውስጥ ኤፍኤም የሚቀበል ቺፕ ይኖራል፤ አንቴናው የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ነው። አይፎን እ.ኤ.አ. በ2016 የገመዱን ቀዳዳ ሲያስቀር ሌሎችም ተከተሉት። ከተሜው ብሉቱዝ ገዛ። ከብት እየጠበቀ የባሕር ዳር ኤፍኤም 96.9ን የሚሰማ ልጅ ግን ቀዳዳ የሌለው ስልክ ቢደርሰው ሬዲዮውን አጣ ማለት ነው። ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ፓኬጅ የሚሰማውን ዜና አጣ።

ኦፕን ሶርስ የጥቂት ኮምፒውተር ወዳዶች ጨዋታ ይመስላችሁ ይሆናል። የፋይዳ መታወቂያችን የተገነባው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚሰበስበው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በወጣው ዲኤችአይኤስ 2 ነው፤ እሱም ክፍት ነው። መንግሥት ለራሱ ክፍቱን መምረጡ ትክክል ነው። አንድ ኩባንያ በሩን ቢዘጋ አገሪቱ ውጭ አትቀርም። ያንኑ ዋስትና ዜጋው በኪሱ ለያዘው ስልክም እፈልጋለሁ።

በተለይ ሁለት ነገር። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገባን የስልክ ዓይነት ፈትሾ ያጸድቃል። በዚያው ሥራው ላይ እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ማደሻ እንዳለው ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ይጻፍ ቢል ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያውቃል። የዱቄት ከረጢት ላይ ቀን ይጻፋል፤ የሁለት ኩንታል ጤፍ ዋጋ ያለው ዕቃ ላይ ለምን አይጻፍም? ማደሻ መስጠት ያቆመ አምራች ደግሞ ቢያንስ ቁልፉን ይልቀቅ። እኔ ካልሠራሁት ማንም አይሥራው ማለት ነው የሚያበሳጨኝ። ሁለተኛው የባንኮች ነው። መተግበሪያቸውን ሲያድሱ አጭሩን ቁጥር እንዳይረሱት። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት፣ በቁልፍ ስልክም ይሠራል። ይህ አሠራር ጂኤስኤም የሚባለው የሞባይል ኔትወርክ የጋራ ደረጃ አካል ስለሆነ የማንም ኩባንያ ስልክ ይቀበለዋል። ያረጀ ነው ብለው ትኩረት ሲነፍጉት አያለሁ። ገጠር ላለ ሰው ግን ከሁሉም የታመነው እሱ ነው።

ወደ አጎቴ ስልክ ልመለስ። ድረ ገጽ ሲከፍት የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ነበር። ብዙ ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበትን የምስክር ወረቀት ከአንድሮይድ 7.1 በታች ያለ ሲስተም ስለማያውቀው ነው። ፋየርፎክስ የተባለው የድረ ገጽ መክፈቻ የራሱን የምስክር ወረቀት ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ለዚያ ስልክ የሚሆነውን ዕትም ጫንኩለት፤ ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብበውን ኪዊክስ የተባለ መተግበሪያ ጨምሬ የአማርኛውን ዊኪፒዲያ እንዳለ ሚሞሪው ላይ አስቀመጥኩ፤ ከአንድ ፊልም ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት ያነቡታል። የባንኩን መተግበሪያ አጠፋሁት።

ከዚያ የባንኩን አጭር ቁጥር በወረቀት ጻፍኩለት። አጠገቤ ቆሞ ራሱ ነካካው። ትንሽ ጠበቅን። ሒሳቡ በአማርኛ መጣ፤ የነጋዴው ገንዘብ ገብቷል። አጎቴ ሁለቴ አነበበው። ስልኩን በጨርቁ እየጠቀለለ «ይኼስ ማደሻ ይለኛል?» አለኝ።

«አይልህም» አልኩት።